የረዳንን ሰው ደግሞ መጠየቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከኮዬ ፈጬ እስከ ለገጣፎ፣ በአዲስ አበባ ዳር ዳር ባለሙያ በተፈለገ ሰዓት አይገኝም። የውሃ መሳቢያ ዲናሞ ሲበላሽ ወይም መብራት ሲያስቸግር ብዙዎቻችን መጀመሪያ የሚያውቅ ጎረቤት በቴሌግራም እንጠይቃለን። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው። ጭንቁ የሚመጣው መልሱ ተሞክሮ ሳይሠራ ሲቀር ነው።

«ደግሜ ብጠይቅ አስቸግራለሁ።» አታስቸግሩም። ሰውን የሚያሰለቸው አዲስ ነገር የሌለው ጥያቄ ነው። የተባላችሁትን ሞክራችሁ ውጤቱን ይዛችሁ ከመጣችሁ ምክሩን ከቁም ነገር ቆጥራችኋል ማለት ነው። ይሄ ደስ ያሰኛል እንጂ አያስከፋም።

«‹አልሠራም› ካልኩት ይገባዋል።» ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከመሬት ውስጥ ታንከር ውሃ የሚስብ ዲናሞ አለ እንበል። ሞተሩ ይዞራል፣ ውሃ ግን አይወጣም። ጎረቤታችሁ «አየር ይዞ ይሆናል፤ ብሬከሩን አጥፋና ከላይ ባለው ቡሎን በኩል ውሃ ሙላበት» ይላል። ሞላችሁ፣ ትንሽ ሳበና አቆመ። አሁን «አልሠራም» ብቻ ብትሉት ሰውየው ከዜሮ ሊጀምር ነው። እንዲህ ብትጽፉለትስ?

«ጋሼ፣ እንዳሉኝ አጥፍቼ ውሃ ሞላሁበት። ሁለት ደቂቃ ያህል ስቦ አቆመ። ሞተሩ አሁንም ይዞራል። ታንከሩ ግማሽ ውሃ አለው።»

ይህን ያነበበ ሰው ሞተሩን የሚያስነሳውን ካፓሲተር አይጠረጥርም፤ ሞተሩ እየዞረ ነዋ። ውሃም አለ። ስለዚህ ቀጥታ ወደ መሳቢያው ቱቦ ይሄዳል፦ መጋጠሚያው አየር ያስገባል ወይስ ጫፉ ላይ ያለው ቫልቭ ውሃውን መልሶ ይለቀዋል? የሞተሩን ድምፅ ቀድቶ መላክም ብዙ ያግዛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፣ የነካካችሁት ነገር ካለ እሱንም ተናገሩ።

«ለጨዋነት ሰላምታው ለብቻው ይቅደም።» ሰላምታ አይቅር። ግን «እንዴት ዋሉ እትዬ?» ብሎ መልስ እስኪመጣ ጥያቄውን ይዞ መቀመጥ ሁለቱንም ያጉላላል። ሰላምታውም ጥያቄውም በአንድ መልእክት ይሂዱ።

«የጎረቤቴ ዲናሞም ተበላሽቷል፣ ስለዚህ ያው ነው።» የጎረቤታችሁ ዲናሞ ድምፅ እያሰማ የማይዞር ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው። ለብቻው ይጠየቅ።

«ለአምስት ሰው ብልከው ቶሎ መላ ይገኛል።» አምስት ዓይነት ምክር ይመጣና የትኛው ምን እንዳደረገ አይታወቅም። ሌላ ሰው ከጠየቃችሁም ለመጀመሪያው ንገሩት። የሚቀየም የለም።

«ዝም ካለኝ ንቆኛል።» ማልዶ ወደ መሀል ከተማ የወጣ ሰው ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሊሆን ይችላል። መብራት ጠፍቶ ስልኩ ተዘግቶም ይሆናል። አሳድሩለት። ስታስታውሱም ከፍ ብላችሁ የመጀመሪያው መልእክት ላይ ሪፕላይ አድርጉ፤ ወሬውን ፍለጋ አይደክምም። ዲናሞው ከነዘራችሁ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ግን መልስ አትጠብቁ። ብሬከሩን አጥፉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

«ከተስተካከለ በቃ።» አልበቃም። «ቫልቩ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ነበር፣ ሳጸዳው ሠራ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በሉት። የረዳችሁ ሰው ግምቱ ትክክል መሆኑን የሚያውቀው እናንተ ስትነግሩት ብቻ ነው። ነገ ሌላ ጎረቤት ያንኑ ሲጠይቀው መጀመሪያ ቫልቩን እንዲያይ ይነግረዋል።