ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት፦ የታማሚ አቅም እንዴት ይለካል?

ትኩሳቱ ወርዷል፣ ቁስሉ ደርቋል። ታማሚው ግን ከአልጋው ብቻውን ይነሳል? ሽንት ቤት ደርሶ ይመለሳል? ይህን አይቶ ወዴት እንደሚሄድ መወሰን ከሆስፒታል የማስወጣት ሥራ አካል ነው። በአብዛኛው የሚሠሩት ፊዚዮቴራፒስቶች፣ ማለትም የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው፤ ነርሶችም ያግዛሉ።

አንጋፋው መለኪያ የባርቴል ኢንዴክስ ነው። ዶክተር ፍሎረንስ ማሆኒና ፊዚዮቴራፒስቷ ዶሮቲያ ባርቴል አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በ1965 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። 10 ነገሮችን ያያል፦ መመገብ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ፊት መታጠብና ጸጉር ማበጠር፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ገላ መታጠብ፣ መራመድ፣ ደረጃ መውጣት፣ መልበስ፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር። ድምሩ 100 ነው። ነጥቡ ግን እኩል አልተከፋፈለም፤ መራመድ 15 ሲይዝ ገላ መታጠብ 5 ብቻ ነው። ደግሞም 100 ያገኘ ሁሉ ብቻውን ይኖራል ማለት እንዳልሆነ አዘጋጆቹ ራሳቸው ጽፈዋል። ምግብ ማብሰልና ቤት ማስተዳደር ቅጹ ላይ የሉም።

ቅጹ ላይ የሚሞላው ታማሚው በተግባር የሚያደርገው ነው፤ «ቢሞክር ይችላል» አይቆጠርም። እኛ ዘንድ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አስታማሚው ብዙ ነው። አንዱ ያጎርሳል፣ ሌላዋ ካልሲ ታጠልቃለች። አባት ሲጠየቁ ደግሞ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሳቸው። ስለዚህ ጎበዝ ባለሙያ ጠይቆ ብቻ አይሄድም። «እስቲ አባባ፣ ይነሱልኝ» ይላል። ልጅየው ክንድ ሊይዝ ሲል «ቆይ፣ አንዴ ተዋቸው» ይለዋል። እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ይፈልጋል፣ ግማሽ ተነስተው ተመልሰው ዘፍ ይላሉ። የሚፈለገው መረጃ ይኸው ነው።

ወንበርና ሰዓት ብቻ የሚጠይቅ ፈተናም አለ። ታማሚው ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር ይራመዳል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ ይቀመጣል። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የፈጀበትን አረጋዊ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ለመውደቅ የተጋለጠ ነው ይላል።

አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ መድረሻን ለመምረጥ ይረዳል። ጠንከር ያለ ሪሃብ (የተሃድሶ ሕክምና ማዕከል) ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ቴራፒ መቋቋም ይጠበቃል። ያን ያህል የማይችለው ነርሲንግ ፋሲሊቲ፣ ማለትም ነርሶች የሚንከባከቡበት ማረፊያ ይላካል። ይህን ሲሰሙ «እናቴን ሊጥሉብኝ ነው» ብለው የሚደነግጡ የኛ ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ ግን ቆይታው አገግሞ ቤት እስኪገባ ድረስ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ መካከለኛ ማረፊያ እምብዛም የለም። መድረሻው ቤት ነው። ስለዚህ ስለ ቤቱ ያልጠየቀ ምዘና ጎዶሎ ነው ባይ ነኝ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ በዎከር (በባለ አራት እግር መደገፊያ) ደህና የሚራመድ ሰው ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ የሚኖረው፣ ደረጃው ቀድሞ መሞከር አለበት። የዳሌ መገጣጠሚያው የተቀየረለት ሰው ብዙ ጊዜ ለተወሰኑ ሳምንታት ዳሌውን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፍ ይነገረዋል። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ያለው ቤት ከገባ ግን ምክሩን በመጀመሪያው ቀን ይጥሳል። መሃሉ የተከፈተ ወንበር አናጺ ዘንድ ማሠራት ይቻላል፤ ምድር ቤት የሚኖር ዘመድ ዘንድ መክረምም ይቻላል። ሁለቱም ግን ቀን ይፈልጋሉ። ምዘናው ታማሚው በተኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢጀመር የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ መውጫው ዕለት ጠዋት የተነገረው ቤተሰብ ታክሲ ከመጥራት ሌላ የሚያደርገው ነገር የለም።