አኒሊንግ ምንድን ነው? ብርጭቆን «ማጠንከር» እንዳልሆነ እንነጋገር

ስለ ብርጭቆ ቅርጻ ቅርጽ በተጻፈ ቁጥር አንዲት ዓረፍተ ነገር አትጠፋም፦ «አርቲስቱ ሥራውን ሲጨርስ ብርጭቆው እንዲጠነክር ምድጃ ውስጥ ይከተዋል።» ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ «ልክ እንደ ሸክላ ይተኮሳል» ብሎ ጨመረበት። ይችን ማለፍ አቃተኝ። ጭቃ እሳት ውስጥ ገብቶ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። ብርጭቆ ግን አኒሊንግ (ትኩስ ብርጭቆን በሥርዓት የማቀዝቀዝ ሥራ) ምድጃ ውስጥ ሲገባም ብርጭቆ ነው፣ ሲወጣም ያው ብርጭቆ ነው። ቀለሙ፣ ቅርጹ፣ ክብደቱ እንደነበረ ነው። የሚለወጠው በባዶ ዓይን የማይታየው የውስጥ ውጥረቱ ብቻ ነው።

ሠርግ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዞ በክብ የሚጨፍር ሕዝብ አስቡ። አንዱ ክብ በሌላው ውስጥ ነው፤ የውጪዎቹ የውስጦቹን፣ የውስጦቹ የመሐሎቹን እጅ ይዘዋል። ሲሞቅ ሁሉም ሰፋ ብሎ ይጨፍራል፣ ሲበርድ ሁሉም ወደ መሐል መጠጋት አለበት። ትኩስ ብርጭቆ ሜዳ ላይ ሲተው ቀድሞ የሚበርደው ቆዳው ነው። የውጪው ክብ ቶሎ ተጠጋግቶ እግሩን ይተክላል፤ መሐሉ ገና እንደሞቀ ነው። በኋላ መሐሉ በርዶ ልጠጋ ሲል የውጪዎቹ እግራቸውን አይነቅሉለትም፣ እጅ ደግሞ አይለቀቅም። መሐሉ እየተወጠረ፣ ዳሩ እየተጨመቀ ሁሉም ባለበት ይደርቃል። ለሚያየው ሰላም ይመስላል። አንዱ እጅ ያመለጠ ዕለት ግን ክቡ በሙሉ ይበተናል። ለዚህ ነው መደርደሪያ ላይ ማንም ሳይነካው የተቀመጠ ሥራ ከሳምንት ወይም ከወራት በኋላ በገዛ ራሱ የሚሰነጠቀው።

አኒሊንግ ማለት እንግዲህ የማንም እግር ሳይተከል ጭፈራውን አቀዝቅዞ ሁሉንም እኩል ማድረስ፣ ከዚያም ሁሉንም በአንድ እርምጃ ወደ መሐል ማምጣት ነው። በተለመደው የስቱዲዮ ብርጭቆ ይህ የሚሆነው 500 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በዚህ ሙቀት ብርጭቆው ቅርጹን ይዞ ይቆማል፣ አይዘምም፤ ውስጡ ግን ውጥረቱን የሚያራግፍበት መላወሻ አለው። አኒሊንግ ነጥብ በሚባለው ሙቀት ላይ ውጥረት በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። ጥቂት አሥር ዲግሪዎች ወረድ ሲባል ያው ሥራ ሰዓታት ይፈጃል፤ ከዚያ በታች ውጥረቱ እዚያው ታሽጎ ይቀራል። (ቁጥሩ እንደ ብርጭቆው ዓይነት ይለያያል። የአንዱን ፋብሪካ ሠንጠረዥ ለሌላው ብርጭቆ የሚጠቀም ሰው ጉዱን ኋላ ያየዋል።)

«ታዲያ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ነው በለና!» የሚለኝ አይጠፋም። ግማሹ ልክ ነው፣ የሚያናድደኝም ያ ግማሽ ነው። ሙቀቱ እላይም እታችም፣ ውጪም ውስጥም እኩል እስኪሆን ድረስ በአንድ ዲግሪ ላይ ይዞ ማቆየት የሚባል ደረጃ አለ፤ እሱን ዘሎ ዝም ብሎ ቀስ ማለት ዋጋ የለውም። ዕቃው እኩል ሳይሞቅ ከተነሣ፣ ልዩነቱን ይዞ ቀስ ብሎ ይወርዳል እንጂ ልዩነቱ አይጠፋም። የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል፣ ውፍረቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ጊዜው ዘጠኝ። የውሃ መጠጫ ብርጭቆ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ውፍረቱ አንድ ሙሉ ክንድ የሚለካ ቅርጽ ግን ወራት ይፈልጋል።

አሜሪካ ውስጥ በፓሎማር ተራራ ላይ ላለው የሄል ቴሌስኮፕ መስታወት የተሠራው የብርጭቆ ዲስክ ጥሩ ማስረጃ ነው። ወርዱ 5 ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 20 ቶን፣ የተሠራው በሙቀት ብዙም ከማይለጠጠው ከፓይሬክስ ነው። ኮርኒንግ የተባለው የኒውዮርክ ኩባንያ ታኅሣሥ 1934 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) አፈሰሰው፤ ከዚያ አሥር ወር ገደማ በአኒሊንግ ምድጃ ውስጥ ተቀመጠ። በመሐሉ ወንዝ ሞልቶ ጎርፍ ፋብሪካው ድረስ መጣና ኤሌክትሪኩ ለጊዜው ተቋረጠ፤ ዲስኩ ተርፏል። መንገዴን ልሳትና፦ መብራት ሲጠፋባችሁ የምድጃውን በር አትክፈቱ። ደህና ሽፋን ያለው ምድጃ ተዘግቶ ከተተወ በራሱ ቀስ ብሎ ይወርዳል። «እስቲ ምን ሆነ?» ብሎ መክፈት ነው ዕቃ የሚገድለው።

አርቲስቶቹ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ስታኒስላቭ ሊበንስኪና ያሮስላቫ ብሪክቶቫ የተባሉት የቼክ ባልና ሚስት ከ1950ዎቹ ጀምሮ አብረው ሠርተዋል፤ እሱ ይነድፍ፣ እሷ ንድፉን ቅርጽ ታወጣለት፣ ከዚያ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ብርጭቆ ይቀልጥ ነበር። የጥበባቸው ቁልፍ ውፍረት ነው። ለአንድ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀለም ብቻ ይጠቀሙ ነበር፤ ብርጭቆው ሲሳሳ ብርሃን ያልፍና ቀለሙ ይፈካል፣ ሲወፍር ይጠቁራል። ጥላና ብርሃኑን የሚሥለው የውፍረቱ ልዩነት ነው። አኒሊንግ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ይህንኑ ልዩነት ነው፤ ስሱ ቦታ ቀድሞ ይበርዳል፣ ወፍራሙ ይዘገያል፣ መጋጠሚያቸው ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የጊዜ ሠሌዳው የሚወጣው በወፍራሙ ልክ ነው፤ ስሱ እየጠበቀ ይኖራል። የእነዚህን ሰዎች ሥራ አይቶ «ቀለሙ እንዴት ያምራል» ብቻ የሚል ተቺ የሥራውን ግማሽ አላየም።

በ1999 ወደ ፕራግ ሄዳ እዚያ የምትሠራው አሜሪካዊቷ ካረን ላሞንትም ከዚሁ ጋር ትታገላለች። ሰው የሌለበት፣ የለባሹ ገላ ግን ከውስጥ የታተመበት፣ ቁመቱ የሰው ልክ የሆነ የብርጭቆ ቀሚስ ትሠራለች። የቀሚሱ እጥፋት ሁሉ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይሳሳል። አሜሪካዊቷ አርቲስት ሮኒ ሆርን በበኩሏ ውስጡ ድፍን የሆነ ብርጭቆ ታፈስሳለች፤ «ፒንክ ቶንስ» የተባለው የ2009 ሥራዋ ከአራት ቶን ይበልጣል። ቅርጹ ከሩቅ ሲታይ ተራ ኩብ ነው፤ «ይኼማ ምን ጥበብ አለው?» የሚሉም አልታጡም። ያን የሚያህል ድፍን ብርጭቆ ሳይሰነጠቅ ክፍል ሙቀት ላይ ማድረስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ እንዲህ አይልም።

ወደ «ማጠንከር» ልመለስ። ብርጭቆ በእርግጥ ይጠነክራል፤ ግን ስሙ ቴምፐሪንግ ነው፣ መንገዱም የአኒሊንግ ተቃራኒ ነው። ለሱቅ በር የምትገዙት ቴምፐርድ መስታወት ከ600 ዲግሪ በላይ ከሞቀ በኋላ ሆን ተብሎ በአየር ግፊት በድንገት ይቀዘቅዛል፤ የውጪው ክብ እግሩን እንዲተክል ታዝዟል ማለት ነው። ቆዳው በእኩል ስለሚጨመቅ ከአኒልድ መስታወት ብዙ እጥፍ ይጠነክራል። ዋጋው ግን አለ፦ አይቆረጥም፣ አይበሳም፤ ጫፉ ክፉኛ ከተመታ በሙሉ ይረግፋል። አርቲስቱ ግን ሥራውን ከአኒሊንግ ምድጃ ካወጣው በኋላ በአልማዝ ድንጋይ ይቆርጠዋል፣ ይሞርደዋል፣ ያለሰልሰዋል። ውጥረት የታሸገበት ብርጭቆ ላይ ይህን የሚሞክር ሰው መነጽሩን ያድርግ። አኒሊንግ የሚያስፈልገው ብርጭቆው ብረት እንዲሆን ሳይሆን ሥራ እንዲችል ነው።

አኒሊንግ የማያድነው ችግርም አለ። ሁለት ዓይነት ብርጭቆ ሲበርዱ እኩል ካልተሰበሰቡ በአንድ ዕቃ ላይ መጋጠማቸው ስህተት ነው። በክቡ ውስጥ እርምጃው ከሁሉም የሚያጥር አንድ እንግዳ ገብቷል፤ ጭፈራውን የፈለጋችሁትን ያህል ብታቀዘቅዙት ይዞ ይጎትታል። ከየጠርሙሱ የተሰበሰበ ስባሪ አቅልጠው የሚያጋጥሙ ጀማሪዎች «አኒሊንጉን አሳጥሬው ይሆን?» ይላሉ። አላሳጠሩም።

ውጥረት ማየት የሚፈልግ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር አድርጉ፣ የኤልሲዲ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ ስክሪኑ እስኪጠቁር ጭንቅላታችሁን አዘንብሉ፤ ከዚያ ብርጭቆውን በመሐል ያዙት። ደህና አኒል የሆነው ጨለማውን አይረብሸውም። ውጥረት ያለበት ቦታ ያበራል፣ ሲብስ የቀስተ ደመና ቀለም ያወጣል። ግልጽ ፕላስቲክም እንዲሁ ስለሚያበራ ግን በዚህ ዘዴ «ይህ እውነተኛ ብርጭቆ ነው» ብላችሁ ዕቃ እንዳትገዙ።