«እኛን ምን አገባን?» በደቡብ አፍሪካ ባይሎ ሲረቀቅ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እዚህ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው ሐበሻ ሁሉ «ባይሎ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን ብዙ ጊዜ ቅጣት ሲጻፍበት ወይም ዕቃው መኪና ላይ ሲጫን ነው። ባይሎ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ የሚያወጣው የአካባቢ ሕግ ነው። የንግድ ፈቃዱ፣ የእግረኛ መንገዱ፣ የቆሻሻው ነገር እዚያ ውስጥ አለ። ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ አለው። በዚያ ጊዜ እኛ የለንም። ለምን ብዬ ስጠይቅ የምሰማው መልስ አብዛኛው ስህተት ነው፤ ያንገበግበኛል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

«ዜጋ አይደለንም፣ አያገባንም»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ድምፅ መስጠት የዜጋ ብቻ ነው፤ እውነት ነው። አስተያየት መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። በ2000 የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ሕግ፣ ቁጥር 32፣ «የአካባቢው ማኅበረሰብ» ማን እንደሆነ ሲዘረዝር ዜግነትን አያነሳም። የሚጀምረው ከነዋሪው ነው። ከዚያ የንብረት ግብር ከፋዩን፣ ማኅበራትን፣ የንግድ ድርጅቶችን ይጨምራል። ሌላ ከተማ እየኖረ እዚህ እየመጣ በአገልግሎቱ የሚጠቀመውንም አይተወውም። ድሃውንና የተገፋውን ደግሞ ለይቶ ይጠራል።

ስለዚህ ቤኖኒ እያደረ ጄፒ የሚሸጥ ልጅ በሁለት ማዘጋጃ ቤት ነው የሚቆጠረው። በኤኩሩሌኒ ነዋሪ ነው፤ በጆሃንስበርግ ደግሞ በየቀኑ የሚመላለስ ተጠቃሚ። በሁለቱም ቦታ መናገር ይችላል።

«ሕጉ አልቆ ነው የሚመጣው»

በኖቬምበር 2024 የሆነውን አስታውሱ። ሕፃናት ከሰፈር ሱቆች ጋር በተያያዘ የምግብ መመረዝ ሞተው አገሩ በተናወጠበት ሰሞን የትብብር አስተዳደር ሚኒስትሩ ቬለንኮሲኒ ህላቢሳ ስለ ሎኬሽን (የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈር) ንግድ አንድ ሞዴል ባይሎ፣ ማለትም ለከተሞች የተዘጋጀ ናሙና ረቂቅ፣ በመንግሥት ጋዜጣ አወጡ። የኛ ሰው «አበቃልን፣ ሕግ ሆነ» ብሎ ተደናገጠ። ሱቁን ለመሸጥ ያሰበም ነበር።

ሞዴል ባይሎ ግን በራሱ የትም ከተማ ላይ አይሠራም። የዚያው የ2000 ሕግ አንቀጽ 14 እንደሚለው፣ የአንድ ከተማ ምክር ቤት ሲቀበለው ብቻ ነው እዚያ ከተማ ሕግ የሚሆነው። ምክር ቤቱ እያሻሻለም ሊቀበለው ይችላል። ሊቀበለው ካሰበ ደግሞ መጀመሪያ ለሕዝብ አስተያየት ማውጣት አለበት። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 160 ላይ ለአስተያየት ያልወጣ ባይሎ አይጸድቅም ይላል። በሞዴሉና በከተማችሁ መካከል እንግዲህ አንድ በር አለ። በዚያ በር መግባት ነው።

«እንግሊዝኛዬ አይረባም፤ ጠበቃ ያስፈልጋል»

ጠበቃ አያስፈልግም። መጻፍ የማይችል ሰው በሥራ ሰዓት ቢሮ ሄዶ በቃሉ ቢናገር፣ ሠራተኛው አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲያሰፍርለት ሕጉ ያዛል። የዚያው የ2000 ሕግ አንቀጽ 21 ነው። ይህንን የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው።

አንድ ወንድማችን የጻፈውን ልንገራችሁ። ረቂቁ ከሱቅ በር ውጭ ምንም ዕቃ እንዳይወጣ ይላል። እሱ ጠረጴዛው ላይ ካልሲና ቀበቶ ያወጣል። ሜትር ይዞ ወጣና የእግረኛውን መንገድ ለካ። ከጠረጴዛው በኋላ ለእግረኛ የሚቀረውን ስፋት ጻፈ። ከዚያ አራት መስመር ጨመረ፦ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ፣ እሱን እንዴት እንደሚነካው፣ በምን ቢተካ እንደሚሻል፣ ስሙ። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው። ግን ከአንድ ገጽ ምሬት ይሻላል፤ ረቂቁን የሚያስተካክለው ሰው የሚይዘው ነገር አገኘ። ሁለት ኮፒ ይዞ ሄዶ አንዱ ላይ ማኅተም አስመታ፤ ያንን ቤቱ አስቀምጦታል። እናንተም ያለ ማኅተም እንዳትመለሱ።

«ብንናገርም አይሰሙንም»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። ምክር ቤቶቹ ያላችሁትን ሁሉ የማድረግ ግዴታ የለባቸውም። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2008 ሜራፎንግ በተባለው ማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ይሄን በግልጽ ብሏል። የተጠየቀ ሕዝብ ያለው የግድ አይፈጸምም። ግን ዕድሉን ጨርሶ መንፈግ ሌላ ነው። በ2006 ያው ፍርድ ቤት የአገሪቱ ፓርላማ ያወጣቸውን ሕጎች ሕዝቡ በቂ የመሳተፍ ዕድል አላገኘም ብሎ ውድቅ አድርጓል። ፓርላማው ካልተረፈ ማዘጋጃ ቤት አይተርፍም። ክርክር ሲመጣ ታዲያ ማኅተም ያለበት ወረቀት የያዘ ሰው የሚያሳየው ነገር አለው።

«ስሜን ከጻፍኩ ወረቀቴን ያዩብኛል»

ይህን ፍርሃት አልንቀውም። ብዙዎቻችን ጥገኝነት ጠይቀን ወረቀት እያሳደስን የምንኖር ነን። ስሙን መጻፍ የሚከብደው በማኅበር በኩል ያስገባ። ማኅበር ራሱ ከላይ ባልኩት ዝርዝር ውስጥ አለ።

«ማን ነገረን?»

ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ሲደርስ ቀኑ አልፏል። ማስታወቂያው የሚወጣው በአካባቢው ጋዜጣ ወይም ሬዲዮ ነው። ረቂቁ ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ ቢሮዎች፣ በቤተ መጻሕፍትና በድረ ገጹ ይቀመጣል። የመጨረሻው ቀን እዚያው ተጽፏል። በየሳምንቱ አንድ ሰው እየተመደበ ቤተ መጻሕፍቱን ቢያይ ይበቃል፤ ዕቁባችንን እንዲሁ በተራ እናስተዳድር የለ።

ቀኑ ቢያልፍም ሁሉ ነገር አልተዘጋም። አቤቱታ ማስገባት ይቻላል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ተቀብሎ የሚያይበት አሠራር ሊኖረው ግድ ነው። የምክር ቤቱ ስብሰባም፣ በሕግ ለይቶ ካልዘጋው በቀር፣ ለማንም ክፍት ነው። አንድ ቀን ሱቁን ለረዳት ትታችሁ ሂዱ። ከኋላ ወንበር ይዛችሁ ስለ ሱቃችሁ የሚባለውን በገዛ ጆሯችሁ ስሙ።