ብላክጌዝ ምንድን ነው? ሆድ የሚያባባው ሜታል

አንድ ጓደኛዬ የጆሮ ማዳመጫዬን ተቀብሎኝ ለአምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ «ቆይ፣ ይሄ ሜታል ነው?» አለኝ። ነው አልኩት። «ታዲያ ሆዴን ለምን አባባው?»

የሰማው የፈረንሳዩን ባንድ አልሴስትን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሜታል ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ጥቁር ልብስ፣ ቁጣና ጩኸት ነው። ሆድ የሚያባባው ዓይነት ግን የራሱ ስም አለው፤ ብላክጌዝ ይባላል። ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከአልሴስት አልበሞች የተሻለ መንገድ አላውቅም። ስልቱ የተወለደው እዚያ ነው፤ የተፈተነውም እዚያው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ከሁለት ስሞች ተቆርጦ የተሰፋ ነው። «ብላክ» ከብላክ ሜታል፣ «ጌዝ» ደግሞ ከሹጌዝ።

ብላክ ሜታል ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ነው። ድምፃዊው አይዘፍንም፣ ይጮኻል። ከበሮው ትንፋሽ አይሰጥም። ቀረጻው ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ሻካራና ቀጭን ይደረጋል። ዋናው ነገር ግን ጊታሩ ነው፤ እሱ ጋ ትንሽ ልቆይ።

የጊታር ክር አንዴ ሲመታ ድምፁ ወዲያው መሞት ይጀምራል። ማሲንቆ እንዲህ አይደለም፤ ደጋኑ ወዲያና ወዲህ እስካለ ድረስ ድምፁ ይኖራል። የብላክ ሜታል ጊታሪስት ይህንን የሚፈታው በፍጥነት ነው። ክሩን በመምቻው ወደ ታች ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወደ ላይ፣ በሰከንድ ከአሥር ጊዜ በላይ ይመታዋል። ይህ ትሬሞሎ ይባላል። ዲስቶርሽን፣ የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክረው፣ ሲጨመርበት ምቶቹ ተነጣጥለው አይሰሙም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዶፍ ሲወርድ አስቡት። ጠብታዎቹን መቁጠር አትችሉም፤ የምትሰሙት አንድ ወጥ ድምፅ ነው። ጆሮ ሲለምደው ደግሞ ከዚያ ውስጥ ቀስ ብላ የምትንቀሳቀስ ዜማ ይይዛል። ላይ ላዩ ሩጫ ነው፤ ውስጡ ግን ዝግ ያለ ነው። ብላክ ሜታልን «ጫጫታ ነው» ብሎ የዘጋ ሰው የሚያመልጠው ይህ ነው።

ሹጌዝ በ1980ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ አገር የመጣ የሮክ ስልት ነው። ስሙ ጫማን ትኩር ብሎ ማየት እንደማለት ነው። ጊታሪስቶቹ መድረክ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ስለሚቆሙ የወጣላቸው ነው። የሚያዩት ግን ጫማቸውን ሳይሆን እግራቸው ስር የተደረደሩትን ፔዳሎች ነበር። ድምፁን የሚያደበዝዙት፣ የሚያስተጋቡትና የሚያወፍሩት በእነዚያ ፔዳሎች ነው። «ማይ ብለዲ ቫለንታይን» የተባለው ባንድ የ1991 አልበም «ላቭለስ» የዚህ ዓለም ዋና ምሰሶ ነው። ስሎውዳይቭ የተባለው ባንድ ደግሞ ለስላሳው ወገን ነው። ድምፃዊው ከጊታሩ ስር ተቀብሮ፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው በቀስታ ይዘፍናል።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ ጨለማ፣ አንዱ ህልም። ግን ሁለቱም ወፍራም የጊታር ግድግዳ ያቆማሉ፤ ሁለቱም ዜማቸውን ግድግዳው ውስጥ ይደብቃሉ። ብላክጌዝ ይህ የጋራ ግድግዳ ነው። እኔ «የሁለት ስልቶች ድብልቅ» የሚለውን የተለመደ ትርጉም አልወደውም። ብርሃኑ ከውጭ የመጣ አይደለም። ብላክ ሜታል ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ አንድ ሰው ቀሰቀሰው።

ያ ሰው ኔዥ ነው። በፈረንሳይኛ «በረዶ» ማለት ነው፤ እውነተኛ ስሙ ስቴፋን ፖ ይባላል። በደቡብ ፈረንሳይ ባኞል-ሱር-ሴዝ ከምትባል ከተማ የወጣ ልጅ ነው። አልሴስትን በ2000 ሲጀምር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። የ2001 ዴሞው፣ ማለትም የሙከራ ቅጂው፣ ጥሬ ብላክ ሜታል ነው። ርዕሱም «የክረምት ሐዘን» ነው። እዚያ ላይ የኋላውን አልሴስት ብዙም አታገኙትም።

ለውጡ የመጣው ከልጅነቱ ነው። ኔዥ ሕፃን ሳለ በዚህ ምድር የሌለ ቦታ ይታየው እንደነበር በተለያዩ ቃለ ምልልሶች ተናግሯል። ብርሃንና ሰላም የሞላበት፣ ቃል የማይገልጸው ቦታ። ያንን በሙዚቃ ማስታወስ ፈለገ። በእጁ የነበረው መሣሪያ ግን የብላክ ሜታል ትሬሞሎ ነው። ስለዚህ ገነትን በዚያው መሣሪያ ሣላት። በ2005 «ለ ሰክሬ» የተባለች የሁለት ዘፈን ሥራ አወጣ። በ2007 ደግሞ የመጀመሪያው ሙሉ አልበም መጣ፤ «ሱቭኒር ዳን ኦትር ሞንድ»፣ «የሌላ ዓለም ትዝታዎች»።

ይህ ርዕስ በአማርኛ ሲሆን ይበልጥ ይከብደኛል። ትዝታ ለእኛ ማስታወስ ብቻ አይደለም፤ ቅኝትም ነው፣ ዘፈንም ነው። ልዩነቱ የእኛ ትዝታ አብዛኛውን ጊዜ የሄደ ሰው ይፈልጋል። የኔዥ ትዝታ በእግሩ ረግጦት የማያውቀውን አገር ይፈልጋል።

አልበሙን ክፈቱና የመጀመሪያውን ዘፈን ስሙ። ጊታሩ ያው ዶፍ ነው። ዲስቶርሽኑም አለ። የተቀየረው ኮርዱ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙት ድምፆች ጥምረት፣ ነው። የኖርዌዮቹ ጊታሪስቶች የሚጋጩና የሚያስፈሩ ድምፆችን ይመርጣሉ። ኔዥ ሜጀር የሚባሉትን፣ ብሩህ የሚመስሉ ኮርዶችን ይይዛል፤ አንዳንዱን ክር ሳይጫነው ክፍቱን እንዲያንጎራጉር ይተወዋል። ያ ክፍት ክር ኮርዱ ሲቀያየርም አብሮ ይዘልቃል፤ ከዘፈኑ በላይ እንደተንጠለጠለ ብርሃን ይሆናል። በአልበሙ ሙሉ አንድም ጩኸት የለም። መሣሪያዎቹን ሁሉ የተጫወተውም ራሱ ኔዥ ነው። ሰሚዎች «ይሄ ሹጌዝ ነው» ሲሉት እሱ ስልቱን ያን ጊዜ በቅጡ አያውቀውም ነበር። እኔን ከ«ድብልቅ» ትርጉም ያራቀኝ ይህ ነው። የማያውቀውን ነገር እንዴት ይደባልቀዋል?

በ2010 «ኤካይ ደ ሉን»፣ «የጨረቃ ቅርፊቶች»፣ ወጣ። ከበሮውን የያዘው ዊንተርሃልተር ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልሴስት የሁለት ሰው ባንድ ሆነ። የርዕሱ ዘፈን ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ሃያ ደቂቃ ሊሞሉ ትንሽ ይቀራቸዋል። ባሕር የሚጠራው ሰው ታሪክ ነው። አንደኛው ክፍል ይዘፈናል፣ ሁለተኛው ይጮኻል። ብላክጌዝ ምን እንደሆነ በአንድ ዘፈን አሳየኝ ብትሉኝ የማሰማችሁ ይህን ነው። ጩኸቱ ሲገባ ዜማው አይሸሽም። እንዲያውም ሰውየው እያለቀሰ መሆኑን ያኔ ነው የምታውቁት። የ2012ቱ አልበም ይህንኑ መንገድ አሳምሮ ቀጠለ፤ አዲስ በር ግን አልከፈተም።

ከዚያ 2014 መጣ። «ሼልተር»።

ኔዥ የሜታሉን ልብስ አውልቆ ጣለው። ጩኸት የለም፣ የሚጋልብ ከበሮ የለም። አልበሙ የተቀረጸው አይስላንድ ውስጥ ሱንድሎይጊን በሚባል ስቱዲዮ ነው። ድሮ መዋኛ ገንዳ የነበረ ሕንፃ ነው፤ ስሙም «መዋኛው» ማለት ነው። የስሎውዳይቩ ኒል ሃልስቴድ መጥቶ አንድ ዘፈን ዘፈነ። ውብ አልበም ነው፤ እወደዋለሁ። ግን ሲያልቅ አንድ ነገር ይጎድለኛል። ብርሃኑ አለ፣ ጥላው የለም። ጥላ ከሌለ ብርሃኑም እንደ ቀትር ፀሐይ ሁሉንም ነገር አንድ ዓይነት ያደርገዋል። «ሼልተር» ሹጌዝ ነው፤ ብላክጌዝ አይደለም። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ የገባኝ እዚህ ላይ ነው፤ «ብላክ» የሚለው ግማሽ ሲወጣ።

የሚገርመው፣ በዚያው ሰሞን ስልቱ አትላንቲክን ተሻግሮ ነበር። የሳን ፍራንሲስኮው ባንድ ዴፍሄቨን በ2013 «ሰንቤዘር»ን አወጣ፤ ሽፋኑ ሮዝ ነው። ብላክጌዝ የሚለው ስም በብዙ ሰው አፍ የገባው በዚህ አልበም ነው። ኔዥ ራሱ አንድ ዘፈን ላይ በንግግር ድምፁ ይሰማል። ዴፍሄቨኖች ከአልሴስት ይልቅ ቁጡዎች ናቸው፤ ድምፃዊው አይዘፍንም፣ ይጮኻል። ብዙ የብላክ ሜታል አፍቃሪ ይህን ሁሉ «የኛ አይደለም» ብሎ ገፋው። እኔ አልስማማም። ትሬሞሎው ያው ነው፣ ዶፉም ያው ነው።

አልሴስት በ2016 «ኮዳማ»ን ይዞ ተመለሰ። ቃሉ ጃፓንኛ ነው፤ የዛፍ መንፈስ ማለትም የገደል ማሚቶ ማለትም ይሆናል። መነሻው በጫካና በሰው መንደር መካከል የተሰነጠቀች ልጅ ያለችበት የጃፓን አኒሜሽን ፊልም ነው። ኔዥም የሁለት ዓለም ሰው ስለሆነ ነገሯ ገባው። የመጀመሪያው ዘፈን ያለ ጩኸት ያልፋል። ሁለተኛው «ኤክሎዚዮን» ነው፤ ከእንቁላል መፈልፈል፣ ማበብ እንደማለት። በለሆሳስ ይጀምርና ይገነባል፣ ይገነባል፣ ከዚያ ያ ጩኸት ይመጣል። ከ2012 ወዲህ በአልሴስት አልበም ላይ ያልተሰማ ጩኸት። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ከወንድሜ ጋር ተጣልተን ቆይተን በሩን ሲያንኳኳ የሰማሁ ነው የመሰለኝ።

የ2019ኙ «ስፒሪችዋል ኢንስቲንክት» ከሁሉም የጠቆረ ነው፤ ቤዝ ጊታሩ ከፊት ወጥቶ ይገፋል። የ2024ቱ «ሌ ሻን ደ ሎሮር»፣ «የንጋት መዝሙሮች»፣ ደግሞ ወደ ልጅነቱ ብርሃን ይመለሳል። ግን እንደ «ሼልተር» ጥላውን ውጭ ጥሎ አልመጣም።

ለመጀመር «ኮዳማ»ን ያዙ፤ ከዚያ ወደ 2007ቱ ተመለሱ። መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ስሙት። ዝቅ ሲል ዶፉ ይርቅና ዜማው ይቀርባል። ዜማውን ከያዛችሁ በኋላ ከፍ አድርጉት። ጓደኛዬ «ኤክሎዚዮን»ን እንዲህ ነው የሰማው። ጩኸቱ ሲገባ ፊቱን አየሁት። የጆሮ ማዳመጫውን አላወለቀም።