ጂኤስኤም ምንድን ነው? የሱሪ ጨርቅን በስም ሳይሆን በሚዛን መግዛት

«ወፈር ያለ ጨርቅ» ብሎ መጠየቅ ዕድልን መሞከር ነው። ጂንስ ተብሎ 200 ግራም የሆነም ይሸጣል፣ 500 የሚደርስም ይሸጣል። ካኪውም ሸራውም እንደዚያው ነው። ስሙ የሽመናውን ዓይነት ወይም ቀለሙን ይጠቁም ይሆናል እንጂ ውስጡ ምን ያህል ክር እንዳለ አይናገርም። ይህን የሚናገረው ቁጥር ጂኤስኤም ይባላል፦ ወርዱም ርዝመቱም አንድ አንድ ሜትር የሆነ ጨርቅ ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው።

የሸሚዝ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ነው። ከ200 እስከ 250 ያለው ለሙቀት ጊዜና ለቢሮ የሚሆን ቀለል ያለ ሱሪ ይወጣዋል። መንበርከክን፣ መሸከምንና ተደጋጋሚ እጥበትን የሚችለው ከ280 እስከ 400 ያለው ነው፤ ከዚያም ውስጥ ከ300 እስከ 350 ያለውን ቢመርጡ አይቆጭም። ከ450 በላይ ያለው ሲያዩት ያጓጓል፤ ግን መጀመሪያ ሲለበስ እንደ ካርቶን ይቆማል፣ ታጥቦ ቶሎ አይደርቅም፣ የቤት ስፌት መኪናንም ይፈትናል።

ጂንስ ብዙ ጊዜ የሚጠራው በአውንስ ነው። በካሬ ያርድ 1 አውንስ ወደ 34 ጂኤስኤም ስለሚጠጋ፣ 10 አውንስ 340፣ 12 አውንስ 407፣ 14 አውንስ 475 አካባቢ ይሆናል። አንዳንድ ሸራ ደግሞ በቁጥር ይጠራል፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሸራው ይከብዳል። 12 ቁጥር ወደ 390 ግራም፣ 10 ቁጥር ወደ 500፣ 8 ቁጥር ወደ 610 ነው። ለሱሪ ከ12 ቁጥር የከበደ ሸራ አያስፈልግም። 8 ቁጥሩ ለቦርሳና ለሽፋን ይሁን።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። አንዳንድ ሻጭ ክብደቱን የሚናገረው በካሬ ሜትር ሳይሆን ከጣቃው ላይ ተለክቶ በሚቆረጠው አንድ ሜትር ነው። ወርዱ 1.50 ሜትር የሆነ ጨርቅ «ሜትሩ 450 ግራም ነው» ከተባለ፣ 450 ለ1.50 ሲካፈል እውነተኛው ጂኤስኤም 300 ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከሰሙ በኋላ «በካሬ ነው ወይስ በቁመት?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ሻጩ ጭራሽ ቁጥር ከሌለው ሚዛን ያወጣዋል። የተለመደው ምክር 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ መዝኖ በ100 ማባዛት ነው። ይህ የሚሠራው የወርቅ ቤት ዓይነት ሚዛን ላለው ሰው ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ከ1 ግራም በታች ስለማይለይ፣ 3 ግራም ብሎ ያሳየው ቁራጭ ከ250 እስከ 350 ባለው መካከል የትኛውም ሊሆን ይችላል። 25 በ40 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ መዝኖ በ10 ማባዛት በጣም ይሻላል፤ ስህተቱ ወደ 5 ግራም ይወርዳል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሙሉውን ጨርቅ ሳይቆርጡ መመዘን ነው። 2 ሜትር ርዝመትና 1.50 ሜትር ወርድ ያለው ቁራጭ 3 ካሬ ሜትር ነው፤ 1,050 ግራም ከመዘነ 350 ጂኤስኤም ማለት ነው።

ክብደት ግን ጥንካሬን ብቻውን አያረጋግጥም። ወፍራም ሆኖ ሽመናው ልል የሆነ ጨርቅ ሞልቷል። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት ጥሩ ጅምር ነው፤ በድርና በማጉ መካከል ብርሃን እንደ ወንፊት ካሳየ ይተውት። ቀጥሎ የአውራ ጣት ጥፍርን ጨርቁ ላይ ተጭኖ ወደ ጎን መግፋት ነው። ክሮቹ ተንሸራተው ክፍተት ከፈጠሩ፣ ሲቀመጡ ደግሞ መቀመጫው ላይ ያለው ስፌት እንዲሁ ይከፈታል። ክሩ ሳይበጠስ፣ ስፌቱ ሳይፈታ፣ ጨርቁ ራሱ ከስፌቱ ሥር እየሸሸ የሚወጣበት ብልሽት ይህ ነው፤ ደግሞ ተሰፍቶም አይድንም።

አሸማመኑም የራሱ ድርሻ አለው። እንደ ጂንስና ጋባርዲን ሰያፍ መስመር ያለው ሽመና፣ ክሮቹ ተጠጋግተው ስለሚሰበሰቡ ሲቀደድ ብዙ ክር በአንድነት ይታገላል። የሸራው ሽመና አንድ በላይ አንድ በታች የሆነ ነው፤ መፋተግን ጥሩ አድርጎ ይችላል፣ አንዴ ከተሰነጠቀ ግን ስንጥቁ ቶሎ ይሮጣል። ምስማርና ሽቦ በሚበዛበት ሥራ ሰያፉን፣ መሬት ላይ መንበርከክ በሚበዛበት ሸራውን መምረጥ ይቻላል።

ሌላው አታላይ ስታርች፣ ማለትም ጨርቁን ለማጠንከር የሚቀባው ዱቄት መሰል ነገር ነው። ጨርቁን በሁለት እጅ ይዞ ጠንከር አድርጎ ማሸት፤ ነጭ ዱቄት ከረገፈና ቦታው ከለሰለሰ፣ ከተከፈለበት ክብደት የተወሰነው ታጥቦ ይሄዳል። ያልታጠበ ጥጥ ደግሞ ይሰበሰባል። እንዳይሰበሰብ የተዘጋጀ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ከ3 በመቶ አያልፍም፤ ካልተዘጋጀ ግን በቁመቱ እስከ 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር አራት ማዕዘን በማይለቅ ቀለም ምልክት አድርጎ፣ ሱሪው ወደፊት በሚታጠብበት ውኃ አጥቦና አድርቆ መልሶ መለካት ነው። 50ው 47.5 ከሆነ 5 በመቶ ሄዷል። ሳይታጠብ የተቆረጠ የ1 ሜትር እግር በዚህ ስሌት 5 ሳንቲ ሜትር ያጥራል።

ዋጋው የሚቀንሰው የት ነው? የጣቃ መጨረሻ ቁራጭ፣ ከልብስ ፋብሪካ የተረፈ፣ የደንብ ልብስ ጨርቅ፣ ቀለም ቀቢዎች ወለል ላይ የሚያነጥፉት የጥጥ ሸራ፣ ያገለገለ ወፍራም መጋረጃ፣ በጣም ሰፊ ያገለገለ ሱሪ፤ ሁሉም ይሆናሉ፣ ሁሉም እንከን አላቸው። የቀለም ቀቢው ሸራ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ሽመናው ልል በመሆኑና ብዙ ስለሚሰበሰብ ነው፤ መሃሉ ላይ መጋጠሚያ ስፌት ሊኖረውም ይችላል። የሶፋ ጨርቅ ጀርባው ላስቲክ ከተቀባ ለሱሪ አይሆንም፤ አየር አያስገባም፣ ሲታጠብም ይሰነጣጠቃል። መጋረጃና ድንኳን ለብዙ ጊዜ ፀሐይ ሲመታቸው ከርመዋል። ከዳሩ 2 ሳንቲ ሜትር በመቀስ ሰንጥቆ በእጅ መሳብ በቂ ነው፤ እንደ ወረቀት ያለ ትግል ከተቀደደ ጥጡ ሞቷል፣ ሚዛኑ ምንም ቢል ዋጋ የለውም። ጥጥ ይሁን ፖሊስተር ካልታወቀ፣ ጥቂት ክር በመቆንጠጫ ይዞ ማቃጠል ይለየዋል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ተቃጥሎ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሠራል፣ ድብልቁ ሁለቱንም ያሳያል። ፖሊስተር ያለበት ድብልቅ ቶሎ ስለሚደርቅና መፋተግን ስለሚችል አይናቅ፤ እሳትና ብየዳ አጠገብ ለሚሠራ ሰው ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ንጹህ ጥጥ ነው የሚሻለው።

የሜትሩ ዋጋ ብቻውን አይወዳደርም፣ ወርዱም ይቆጠራል። መካከለኛ ቁመና ላለው ሰው ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቅ የፊትና የኋላው ክፍል ጎን ለጎን ስለሚገባ 1.40 ሜትር ያህል ይበቃል። 112 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን አንዱ ከሌላው በታች ስለሚቆረጥ 2.40 ሜትር ይጠይቃል። ጠባቡ ጨርቅ በሜትር 42 በመቶ ያህል ካልረከሰ ርካሽ አይደለም። በሁለቱም ላይ ለሚሰበሰበው 10 ሳንቲ ሜትር ይጨመር፤ የኪስ ውስጡን ደግሞ ከስስ ጨርቅ መቁረጥ ነው፣ ወፍራሙ እዚያ ጭን ላይ ከመጎርበጥ በቀር ሥራ የለውም።

ከመግዛት በፊት የሚቀረው የስፌት መኪናው ነው። ለ300 እና ለ350 ግራም 100 ቁጥር መርፌ፣ ለ400 ደግሞ 110 ቁጥር፣ የፖሊስተር ክር፣ የስፌት እርምጃ ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ያነሰ እርምጃ ጨርቁን እንደ ቴምብር ይበሳዋል። የሚከብደው ቦታ ተጣጥፎ የተሰፋው የጎን መገጣጠሚያ ከእግር ጫፍ ቅምቅማት ጋር የሚገናኝበት ነው፤ መገጣጠሚያው 4 ድርብ ነው፣ ሲቀመቀም 3 ጊዜ ይነባበርና 12 ድርብ ይሆናል። ጨርቁን ከላይ የሚጫነው የመኪናው እግር ጉብታውን ሲወጣ ፊቱ ወደ ላይ ያዘነብላል፣ መኪናው ስፌት ይዘላል፣ መርፌም ይሰብራል። ጉብታውን በመዶሻ ቀጥቅጦ ማሳሳት፣ ከእግሩ ኋላ የታጠፈ ብጫቂ አስገብቶ ማስተካከል፣ መሽከርከሪያውንም በእጅ ማዞር ያሳልፈዋል።

እንግዲህ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ አስቆርጦ 12 ድርብ አጥፎ መስፋት። መኪናው ካለፈው ይገዛል። ካላለፈው ወደ 280 ወይም 300 ግራም ወርዶ ጉልበቱ ላይ ብቻ ሁለተኛ ድርብ መጨመር ነው፤ ድርቡ ከጭኑ አጋማሽ ጀምሮ ከጉልበት በታች 15 ሳንቲ ሜትር ይውረድ፣ የጎን ስፌቱ ከመገጣጠሙ በፊት ይሰፋ፣ ቆሻሻ እንዲራገፍም የታችኛው ጠርዙ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ሳይሰፋ ይቅር።