የሽንት ቤት ሲፎን ምንድን ነው? ሲደፈንስ እንዴት ይከፈታል?

ሲፎን ከሽንት ቤት መቀመጫው ሥር ታጥፎ ወደ ላይ የሚወጣና እንደገና ወደ ታች የሚወርድ መተላለፊያ ነው። ሁልጊዜ መቀመጫው ውስጥ የሚታየው ውሃ እዚያው እንዲቆም የተደረገ ነው፤ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ሲኖረው የጉድጓዱን ሽታና በረሮውን ያግዳል። ድሬዳዋ ላይ ለሳምንታት ተዘግቶ የቆየ ቤት ሲከፈት ሽታ የሚቀበለን ብዙ ጊዜ ይህ ውሃ በሙቀቱ ተንኖ ስላለቀ ነው። አንድ ሁለት ጆግ ውሃ ማፍሰስ ይበቃዋል። ራቅ ወዳለ አገር የሚሄድ ሰው ጥቂት የምግብ ዘይት ውሃው ላይ ቢያደርግ ትነቱ ይዘገያል።

ሽታ የሚያግደው መታጠፊያ ቆሻሻም የሚይዘው እሱ ነው። ከሲፎኑ በኋላ ያለው ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ 110 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከሲፎኑ ሰፊ ነው። ሶፍት በቂ ውሃ ካገኘ ይበታተናል። ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ እርጥብ መጥረጊያና ጨርቅ ግን አይበታተኑም። በድሬዳዋና በሐረር ቤቶች ደግሞ ገራባ አለ፤ የጫቱ ግንድና ቅጠል ስለማይሟሟ መታጠፊያው ላይ ተጠላልፎ የሚመጣውን ሶፍት ሁሉ ይሰበስባል። ገራባ ቦታው የቆሻሻ ከረጢት ነው።

ሌላው ምክንያት የውሃ እጥረት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ፍላሽ ታንኩ ባዶ ስለሚሆን በጆግ እየቀዱ ማፍሰስ ይለመዳል። በጆግ ቀስ እያለ የወረደ ውሃ ግን መታጠፊያውን ሞልቶ ቆሻሻውን አሻግሮ አይገፋም፤ ፈሳሹ ያልፋል፣ ጠጣሩ ይቀራል። በመቀመጫ ሽንት ቤት ከ6 እስከ 8 ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ መውረድ አለበት። የጀሪካን አፍ ጠባብ ስለሆነ ውሃውን መጀመሪያ ወደ ባልዲ መገልበጥ ይሻላል። ቁጢጥ ለሚሉበት ሽንት ቤት ከ2 እስከ 3 ሊትር ይበቃል።

ከመክፈት በፊት መዘጋቱ የት እንደሆነ ይለዩ። ሽንት ቤቱ ሞልቶ የሻወሩ ውሃ ግን በደንብ ከወረደ ችግሩ ሲፎኑ ወይም እሱ አጠገብ ያለው ቧንቧ ነው። ሽንት ቤቱ ላይ ሲደፋ በሻወሩ መውረጃ ወደ ላይ የሚመለስ ከሆነ ግን የተዘጋው ዋናው መስመር ነው፤ ያኔ ሲፎኑን ማስጨነቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ለሲፎን የሚሆነው መሣሪያ ፕላንጀር፣ ማለትም እንጨት እጀታ ያለው ጎማ ነው። ለመቀመጫ ሽንት ቤት ከሥሩ ተጨማሪ ከንፈር የወጣለት ጎማ ይምረጡ፤ የእቃ ማጠቢያው ጠፍጣፋ ጎማ ቀዳዳውን በደንብ አይገጥምም። መቀመጫው እስከ አፉ ከሞላ ትንሽ ይቅዱለት፤ ጎማው ግን በውሃ መሸፈን አለበት፣ አለበለዚያ የሚገፋው አየር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ግፊት ቀስ ብለው ያድርጉና አየሩን ያስወጡ። ከዚያ ጎማው ሳይነሳ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ይግፉና ይሳቡ። ብዙ ሰው ሲገፋ ብቻ ነው ኃይል የሚሰጠው፤ የተጣበቀውን የሚያላቅቀው ግን መሳቡም ጭምር ነው። ካልሠራ ግማሽ ብርጭቆ ፈሳሽ ሳሙና ያፍስሱ፣ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ አንድ ባልዲ ሞቅ ያለ ውሃ ከወገብ ከፍታ ቀስ እያሉ ይልቀቁ። የፈላ ውሃ ሴራሚኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ጠንካራ ነገር ከወደቀበት ደግሞ ፕላንጀር የባሰ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ በጓንት ወይም ጫፉ በተቆለመመ ሽቦ ማውጣት ነው።

አሲድ ጨምሮ መጠበቅን አንመክርም። ጨርቅና ሞዴስ አይሟሟለትም፤ አሲዱ መታጠፊያው ውስጥ ቆሞ ቆይቶ ፕላንጀር ሲገባ ዓይንና ፊት ላይ ይረጫል። አሲድና በረኪና ከተቀላቀሉ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፤ በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል። አንዱ ከተጨመረ ሌላው በፍጹም አይጨመርም።

ተከፍቶ ደግሞ በየወሩ የሚደፈን ከሆነ ድሬዳዋ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኖራው ነው። የከተማዋ ውሃ ካልሲየምን የመሰለ ማዕድን የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር ሲፎኑ ውስጥም ይጋገራል፣ መተላለፊያውን ያጠባል፣ ሻካራ ስለሆነም ሶፍት ይይዛል። ከጠርዙ ሥር ያሉትን የውሃ ቀዳዳዎችም ስለሚደፍን ፍላሹ ጉልበት ያጣል። ውሃውን በጨርቅ መጥጠው ያውጡ፤ አንድ ሊትር ያህል አቼቶ ያፍስሱና ሌሊቱን ይተዉት። ውሃው ሳይወጣ የተጨመረ አቼቶ ስለሚቀጥን ብዙም አይሠራም። ቀዳዳዎቹን በአቼቶ ባራሱት ሶፍት ይሸፍኑ፣ ጠዋት በብሩሽ ይሹ።

ዋናው መስመር ከሆነ የማንሆሉን ክዳን ይክፈቱ። ባዶ ከሆነ የተዘጋው ከቤቱ እስከ ማንሆሉ ያለው ቧንቧ ነው፤ ረጅም የሽቦ ስፕሪንግ ይፈልጋል፣ ቧንቧው በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል መውረዱንም ሠራተኛው ይመልከት። ማንሆሉ ከሞላ ችግሩ ከእሱ በኋላ ነው ወይም ጉድጓዱ ሞልቷል። የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ሲጠሩ፣ በተለይ የሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና በማይገባባቸው ጠባብ መንገዶች ላይ ላለ ቤት፣ ከመኪናው ማቆሚያ እስከ ጉድጓዱ ያለውን ርቀት አስቀድመው ለክተው ቱቦው ስንት ሜትር እንደሆነ በስልክ ይጠይቁ።