ጄሪ ሊ ሉዊስ ወደ ካንትሪ አልሸሸም፦ ስለ 1968ቱ አልበም የሚነገሩ ስሕተቶች

«ጄሪ ሊ ሉዊስ ሮኩ አልሆን ሲለው ወደ ካንትሪ ሸሸ» የሚለውን አባባል ፒያኖ ባስተማርሁባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ተማሪ ሲናገረው ታግሼ አስረዳለሁ፤ ከሙያ ባልደረባዬ አፍ ሲወጣ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል፤ ሙዚቀኛ ወሬውን ከመቀበሉ በፊት ሸክላውን ማዳመጥ ይገባዋልና። ሉዊስ አሜሪካዊ የሮክ ኤንድ ሮል ፒያኖ ተጫዋችና ዘፋኝ ነበር፤ ካንትሪ ደግሞ ከአሜሪካ ገጠር የመጣ ሙዚቃ ነው። አባባሉ የሚያነጣጥረው ዘፋኙ በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በናሽቪል ከተማ ተቀርጾ በወጣው «አናዘር ፕሌስ፣ አናዘር ታይም» በተባለው አልበሙ ላይ ነው። ርእሱ «ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጊዜ» እንደ ማለት ነው። ጥቃቅኖቹን ስሕተቶች በአጭር በአጭሩ ላንሣና ወደ ዋናው ልሂድ።

«ካንትሪና ሮክ ኤንድ ሮል የማይተዋወቁ ሙዚቃዎች ናቸው።» ኤልቪስ ፕሬስሊ በ1954 ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ በአንዱ ገጹ የጥቁር አሜሪካዊውን የአርተር ክሩዳፕን ብሉዝ፣ በሌላው ገጹ የቢል ሞንሮን የገጠር ዘፈን የያዘ ነበር። ሮክ ኤንድ ሮል ሲወለድ ካንትሪ ከወላጆቹ አንዱ ነበር ማለት ነው።

«ካንትሪ የነጮች ብቻ ነው።» በካንትሪ የሚዘወተረው ባንጆ የተባለው መሣሪያ ሥሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ሬይ ቻርልስ በ1962 የካንትሪ ዘፈኖችን ሰብስቦ በራሱ መንገድ የተጫወተበት አልበም ደግሞ በአሜሪካ የሙዚቃ ሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል።

«የ1968ቱ አልበም የሉዊስ የመጀመሪያው የካንትሪ ሥራ ነው።» አይደለም። በ1965 ለከተማ ሰዎች የታሰበ የካንትሪ ስብስብ አውጥቶ ነበር፤ ገበያው ግን ሳይቀበለው ቀረ። ይህን ዓመት አንባቢ ይያዝልኝ፤ ከታች እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ «ሸሸ» ልምጣ። አባባሉ የተነሣበት እውነት እንዳለ አልክድም። ሉዊስ በ1957 በሁለት ዘፈኖች፣ በ«ሆል ሎታ ሼኪንግ»ና በ«ግሬት ቦልስ ኦቭ ፋየር»፣ ዓለምን ካነቃነቀ በኋላ፣ በ1958 ለትርኢት ወደ እንግሊዝ ሲሄድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሆነችውን የሥጋ ዘመዱን ማግባቱ ታወቀ፤ የትርኢት ጉዞው ተቋረጠ፣ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎችም ፊታቸውን አዞሩበት። ድርጊቱ ማስተባበያ የለውም፤ እኔም አላስተባብልለትም። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል በየመጠጥ ቤቱና በየአዳራሹ ሲዞር ኖረ። የሥራ ዘመኑን በዚህ ብቻ የሚያውቅ ሰው 1968ን ሲያይ «ምርጫ አጣና ካንትሪ ያዘ» ቢል አይደንቅም። የሚያሳዝነው ከዚያ በፊት ያለውን አለማየቱ ነው።

ሰውየው በ1935 በሉዊዚያና ግዛት ፌሪዴይ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ለልጁ ፒያኖ ለመግዛት ቤቱን በመያዣነት እንዳስያዘ የታወቀ ነው። በ1956 ሜምፊስ ሄዶ ለሙዚቃ አሳታሚው ሰን ሬከርድስ የቀረጸው የመጀመሪያ ሸክላ «ክሬዚ አርምስ» ነበር፤ ይህም በዚያው ዓመት ሬይ ፕራይስ በካንትሪ ሠንጠረዥ አናት ላይ ያወጣው ዘፈን ነው። «ግሬት ቦልስ ኦቭ ፋየር» የተባለውን እሳት የመሰለ ዘፈኑን የያዘው ሸክላ ሲገለበጥ የሚሰማው የካንትሪ ዘፋኙ የሃንክ ዊልያምስ የሐዘን ዘፈን ነው። ሁለቱ የ1957 ታላላቅ ዘፈኖቹም ራሳቸው በካንትሪ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጥተዋል። እንግዲህ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሲመለስ «ሸሸ» የሚባለው በየትኛው አማርኛ ነው?

አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪዬ ይህንኑ አባባል ይዞብኝ መጣ። አልተከራከርሁትም። የ«ሆል ሎታ ሼኪንግ»ን የግራ እጅ ምት ብቻ፣ ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ በግማሽ ፍጥነት እንዲጫወት አዘዝሁት። ወዲያው «ክሬዚ አርምስ»ን ከፈትሁለት። ልጁ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ ጣቶቹን ከቁልፎቹ ላይ ሳያነሣ «ያው እጅ ነው» አለኝ። በእርግጥም ያው እጅ ነው፤ ሲፈጥን ያስጨፍራል፣ ሲዘገይ ያስተክዛል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በናሽቪል የተቀረጸውም ይኸው እጅ ነው።

«ችግር አስገድዶት ነው» ለሚሉት ደግሞ የ1965ቱን አልበም ላስታውሳቸው። ችግሩ ያን ጊዜም ነበረ፣ ካንትሪውም ነበረ፤ ውጤት ግን አልነበረም። በ1968 የተለወጠው ሥራው ነው። ውሉ ሊያበቃ በተቃረበበት ጊዜ ኤዲ ኪልሮይ የተባለ፣ ያን ጊዜ ሸክላዎቹን ያወጣለት የነበረው ኩባንያ ሰው «ናሽቪል ሄደህ ንጹሕ ካንትሪ ቅረጽ» የሚል ሐሳብ አቀረበለት፤ ፕሮዲውሰሩ ጄሪ ኬኔዲም ሌላው ዘፋኝ ሁሉ የጠገባቸውን ዘፈኖች ብቻ ከመከለስ ይልቅ የናሽቪል ደራሲዎች አዲስ የጻፏቸውን አመጣለት። የአልበሙን ስም የሰጠው ዘፈን የጄሪ ቼስነት ድርሰት ሲሆን በካንትሪ ሠንጠረዥ አራተኛ ደረሰ። ግሌን ሰተን የጻፈው ስለ ሚልዋኪ ከተማ ቢራ የሚናገረው ዘፈን ደግሞ ሁለተኛ ወጣ፤ ያ ቢራ «ሚልዋኪን ዝነኛ ያደረገ» እየተባለ ሲተዋወቅ የኖረ ነው፤ ዘፈኑ ውስጥ ያለው ባል ግን ያው መጠጥ ትዳሩን እንዳፈረሰበት ይናዘዛል።

የአልበሙን ርእስ ዘፈን ቀረብ ብላችሁ ስሙት። መጠጥ ቤቱ ሊዘጋ ነው፤ መብራቶቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ሰውየው ሙዚቃ ማጫወቻው ውስጥ ሳንቲም ሲጨምር አምሽቷል፤ ቤት ቢገባ የሚጠብቀው ሰው የለም። በ1957 ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ እየቆመ ፒያኖ ይደበድብ የነበረው ሰው እዚህ ድምፁን ሰብስቦ ይዘፍናል። ስቲል ጊታሩና ቫዮሊኑ ያለቅሳሉ፤ ፒያኖው ከፊት አይጋልብም። ራስን እንዲህ መግታት ከመደብደብ ይልቅ የሚከብድ መሆኑን ፒያኖ የሚጫወት ሁሉ ያውቀዋል። የሸሸ ሰው እንዲህ አይዘፍንም።

በእኛ አገር ኬኒ ሮጀርስን የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ የካንትሪ ንጉሥ አድርጎ የሚቆጥረውም አይጠፋም። እርሱ በዚያው በ1968 «ፈርስት ኤዲሽን» ከተባለው ቡድን ጋር የሮክ ዘፈን አውጥቶ በአሜሪካ አጠቃላይ ሠንጠረዥ አምስተኛ የደረሰ ሰው መሆኑን ስነግራቸው አያምኑኝም። እርሱን «ከሮክ የሸሸ» ሲሉት ሰምቼ አላውቅም። ለአንዱ የማይሰጥ ስም ለሌላው ለምን ይሰጣል?

«ከ1968 በኋላ ሮክን እርግፍ አድርጎ ተወ» የሚለውም ስሕተት ነው። በ1972 በካንትሪ ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣለት «ሻንቲሊ ሌስ» ከ1958 የመጣ የሮክ ኤንድ ሮል ዘፈን ነው። በ1986 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች አንዱ አደረገው፤ የካንትሪው የክብር አዳራሽ ግን ያስገባው በ2022፣ ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ያ መዘግየት ዛሬም ያበሳጨኛል።

የመጨረሻው «ካንትሪ ሦስት ኮርድ ነው፣ ማንም ይጫወተዋል» የሚለው ነው፤ ይህን የምመልሰው ለተማሪዎች ነው። ኮርዱ (አንድ ላይ የሚመታው የድምፆች ጥምር) ጥቂት ሲሆን የሚደበቁበት ቦታ የለም። ስለዚህ አልበሙን ከመጫወታችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል አዳምጡ፦ በመጀመሪያ የ1956ቱን «ክሬዚ አርምስ»፣ ቀጥሎ የ1957ቱን «ግሬት ቦልስ ኦቭ ፋየር»ንና የሸክላውን ጀርባ፣ ከዚያ የ1968ቱን ርእስ ዘፈን። በመጀመሪያው ዙር ግራ እጁን ብቻ ተከተሉ። በሁለተኛው ዙር ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ እስኪወስድ ቀኝ እጁ የሚጠብቅበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ፔዳሉን አትርገጡ። እናንተም ስትጫወቱ ምልክት ባደረጋችሁባቸው ቦታዎች ካልሆነ በቀር ቀኝ እጃችሁን አታስገቡ።